እጁን አውለበለበልን

ዛሬ ጠዋት ጭኔ ላይ ሻይ ፈሰሰ፤ ያውም ከምድጃ የወረደ። ያፈሰሰብኝ ሰው ደግሞ ሠላሳ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ፣ በፈገግታ ተሞልቶ፣ እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታ እየሰጠኝ ነበር።

በታሰረች ጀልባዬ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ሰውየው በሞተር ጀልባው እየበረረ መጣና የማሪናው፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያ ወደቡ፣ መግቢያ ላይ «ሞገድ ማንሳት ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ አየ። ማየቱን ያወቅኩት ፍጥነቱን ስለቀነሰ ነው። መቀነሱስ ቀነሰ፤ ግን አላዘገመም። የሞተር ጀልባ ሲበር ሆዱን አንስቶ ውሃው ላይ ይንሸራተታል፤ ሲያዘግም ደግሞ ውሃውን በጨዋ ደንብ ከፍሎ ያልፋል። መከራው መሃል ላይ ነው። አፍንጫው ሽቅብ ይነሳል፣ መቀመጫው ይሰምጣል፣ ውሃውን እንደ ማረሻ ይገለብጠዋል። ይህ ሰው እንግዲህ ለእኛ አዝኖ፣ አክብሮን፣ ልክ እዚያች ፍጥነት ላይ አረፈ።

ሞገዱ ደግሞ ከኋላው ነው። የደስታው ምስጢር ይኸው ነው። ወደ ፊት ሲያይ ውሃው መስታወት፤ ወደ ጎን ሲያይ ሰው ሁሉ እጁን ያወዛውዝለታል። (እኔ ያወዛወዝኩት ጭኔን ለማራገብ ነበር።) የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ 5ኛው ድንጋጌ ማንም ጀልባ የሚነዳ ሰው ሁልጊዜ በዓይኑም በጆሮውም አካባቢውን ይቃኝ ይላል። ጆሮውማ ሥራ ላይ ነበር፤ ሙዚቃው ወደብ ላይ ላለነው ሁሉ ይበቃ ነበር።

ሞገዱ ሲደርስ የታሰረው ጀልባ ሁሉ ዘለለ፣ ገመዱ ሁሉ አቃሰተ። ከእኔ ሦስተኛው ጀልባ ደግሞ ጭራሽ ተፈትቶ ጉዞ ጀመረ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምወደው። ጀልባ የሚያስር ሰው የፈጠረው ይመስለኛል። ማሰሪያው ሁለት ቀንድ ያለው ብረት ነው፤ ገመዱን ሥሩ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ታዞራለህ፣ በቀንዶቹ ላይ የስምንት ቅርጽ ትሠራለህ፣ መጨረሻውን ገልብጠህ ትቆልፋለህ። አለቀ። ሰዉ ግን እንደ ልቃቂት ይከምርበታል። ብዛት ያስተማመነ ይመስል! መፍታት ሲመጣ የሚቀረው ጥርሱ ነው።

የመርከብ ፍጥነት በ«ኖት» የሚለካውም ከዚሁ ከቋጠሮ ተነስቶ ነው። የድሮ መርከበኞች በየርቀቱ የተቋጠረ ገመድ ከመርከቡ ጀርባ ይለቁና፣ የአሸዋ ሰዓቱ እስኪያልቅ ስንት ቋጠሮ እንደወጣ ይቆጥሩ ነበር። ዛሬ 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ልብ በሉልኝ፤ እነዚያ ሰዎች ፍጥነታቸውን የሚያውቁት ወደ ኋላ አይተው ነበር።

ስለ ገመድ ካነሳን አይቀር፣ የቀድሞ ጎረቤቴን ሳላነሳ አላልፍም። ሸራ የሚሰቅልበትን ገመድ ሳያጠብቅ ሄዶ ይተኛል። ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ገመዱ የአሉሚኒየሙን ምሰሶ ይደበድባል። ጧ። ጧ። ጧ። እሱ ያንኮራፋል፣ እኔ እቆጥራለሁ። አንድ ሌሊት 1,400 ላይ ስደርስ በሌሊት ልብሴ ተነሳሁ። የሰው ጀልባ ላይ ሳያስፈቅዱ መውጣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ የሰው ቤት ነው። ወጣሁ። ገመዱን በሲባጎ ከምሰሶው አርቄ በጥድፊያ አሰርኩና ተመለስኩ። ጎህ ሳይቀድ ተፈታ። (ተረቱን አስታውሱ።) ጠዋት ጎረቤቴ ሲባጎውን ይዞ «ማታ ሌባ ገብቶብኛል» ብሎ ለማሪናው አመለከተ። እኔም «ዘመኑ ከፍቷል» አልኩት። ዛሬም ይቅርታ ሊጠይቀኝ ይገባል ባይ ነኝ።

ወደ ባለ ሰላምታው ልመለስ። ቀረብ ሲል አየሁት፤ ላይፍ ጃኬት አለው። ጥሩ፣ ብርቱካናማ፣ አዲስ። ተቀምጦበታል። እዚህ ላይ ግን ቀልዱ ያበቃል። «ዋና እችላለሁ» የሚለውን መልስ ስንት ጊዜ ሰማሁት! ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው የመጀመሪያዋን 1 ደቂቃ የሚጨርሰው ከትንፋሹ ጋር እየታገለ ነው፤ ከዚያ እጅና እግሩ በወጉ የሚታዘዙለት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ትራስ ያደረጉት ጃኬት ጀልባው ላይ ቀርቶ ይሄዳል። እግሩ ላይ መታሰር ያለበት የሞተር ማጥፊያ ገመድ ደግሞ እንደ ቁልፍ ማንጠልጠያ መሪው አጠገብ ይወዛወዛል። ሰውየው ቢወድቅ ሞተሩ አይጠፋም፤ ባዶው ጀልባ እየዞረ፣ ከነሚሽከረከር ፕሮፔለሩ፣ ባለቤቱን ፍለጋ ሊመለስ ይችላል።

ይህን ሁሉ ልነግረው ንግግሬን አዘጋጅቼ ቆምኩ። መጣ። አሁንም ፈጥኖ ነው የመጣው፤ አብሮት ያለው ልጅ ቶን የሚመዝነውን ጀልባ በእግሩ ሊያቆም በጀልባውና በመቆሚያው የእንጨት መድረክ መካከል እግሩን ዘርግቷል።

«እግርህን አስገባ!» ብዬ ጮህኩ። ካዘጋጀሁት ንግግር ውስጥ ይህች አልነበረችም።

ልጁ እግሩን ሰበሰበ፣ ጀልባው እንጨቱን ጓ አደረገው፣ ሰውየው ገመዱን ወረወረልኝ። «ያዙልኝ ጋሼ!» ያዝኩለት። አንድ ዙር፣ አንድ ስምንት፣ ግልባጭ። ቀና ስል ሱሪዬን ትኩር ብሎ ያያል።

«ውይ ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ሻይ ፈሰሰብዎት እንዴ?»