ልብሷን አስታወስን፣ ሥራዋን ረሳን

በ2022 አንድ የአሜሪካ ኬብል ቴሌቪዥን “ኢርማ ቬፕ” የተባለ ባለ 8 ክፍል ድራማ አሳየ። የሠራው ፈረንሳዊው ኦሊቪየ አሳያስ ነው። ሰውዬው በ1996ም በዚሁ ስም ፊልም ሠርቶ ነበር። በመጀመሪያው የሆንግ ኮንጓ ማጊ ቼንግ፣ በሁለተኛው ስዊድናዊቷ አሊሺያ ቪካንደር ተጫውተውበታል። በሁለቱም አንዲት ተዋናይት ከውጭ አገር ፓሪስ ትመጣለች። አንድ የጥንት ድምፅ አልባ ፊልም እንደገና ሊቀረጽ ነው። እሷም ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ ጥቁር ልብስ ታጠልቃለች። ከዚያ በኋላ ልብሱ ሥራውን ይሠራል።

ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ያንን ልብስ መጀመሪያ የለበሰችው የድምፅ አልባው ዘመን ፈረንሳዊት ተዋናይት ሙዚዶራ ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላም አልወለቀላትም። ስሟ በተነሳ ቁጥር የሚነሳው እሱ ነው። ፖስተሩ ላይ እሱ፣ የመጽሐፍ ሽፋኑ ላይ እሱ። ሴትዮዋ ግን ፊልም አዘጋጅታለች፣ የራሷን ኩባንያ አቋቁማ ከስራለች፣ በመጨረሻም የፈረንሳይ ሲኒማ ታሪኩን እንዳይረሳ ቁጭ ብላ መዝግባለች። እኔን ብትጠይቁኝ የሙያ ዘመኗ ትልቁ ክፍል ከዚያ ልብስ በኋላ የመጣው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትክክለኛ ስሟ ዣን ሮክ ነው። በ1889 ፓሪስ ተወለደች። አባቷ የሙዚቃ ደራሲና ሶሻሊስት ነበር። እናቷ ደግሞ ሥዕል የምትሥልና ለሴቶች መብት የምትሟገት ሴት ነበረች። “ሙዚዶራ” የሚለውን የመድረክ ስም ያገኘችው ከቴዎፊል ጎቲየ ልቦለድ ነው።

ከመጀመሪያ ፊልሞቿ አንዱን ብዙ ሰው አያነሳውም። በ1914 መጀመሪያ ላይ የወጣ ነው። የሠራው ትልቅ ኩባንያ ሳይሆን “የሕዝብ ሲኒማ” የተባለ የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ታሪኩ ስለ ልብስ ሰፊ ሴቶች ጉስቁልና ነው። እሷ የምትጫወተው ኑሮ አንገፍግፏት ራሷን ልታጠፋ የምትሄድ ሰፊ ሆና ነው፤ የሚያተርፏትም ሠራተኞች ናቸው። ልብ በሉ፣ የወንጀለኞች ንግሥት ተብላ ከመታወቋ በፊት መርፌና ክር ይዛ ነው ካሜራ ፊት የቆመችው።

ከዚያ ፎሊ ቤርዤር ይመጣል። በዚህ ዝነኛ የፓሪስ ትርኢት ቤት ስትጫወት ሉዊ ፌያድ አያት። ፌያድ ጎሞን የተባለው የፊልም ኩባንያ ዋና የፊልም ዳይሬክተር ነበር። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ፌያድን ለዚያ ወንበር ያጨችው ራሷ ሴት ናት። አሊስ ጊ ትባላለች። የጎሞን ጸሐፊ ሆና ገብታ በ1896 ፊልም መሥራት የጀመረች፣ በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር ነች። በ1907 ወደ አሜሪካ ስትሄድ ቦታውን ለእሱ ጠቁማ ሄደች። እርጅናዋን ያሳለፈችው የጠፉ ፊልሞቿን ስትፈልግና “እኔ ነኝ የሠራሁት” ብላ ስታስረዳ ነው። የሙዚዶራ ዕጣ ለብቻው የወደቀ አይደለም ማለቴ ነው።

ጊዜው 1915 ነው። አውሮፓ ጦርነት ላይ ነች። ተቀናቃኙ ኩባንያ ፓቴ አሜሪካዊቷ ፐርል ዋይት የምትጫወትበትን ተከታታይ ፊልም ፓሪስ ሊያሳይ ደፋ ቀና ይላል። ጎሞን መቀደም አልፈለገም። ፌያድ በጥድፊያ “ቫምፓየሮቹ” የተባለውን ተከታታይ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ክፍል ኅዳር 1915 ላይ ወጣ። ደም የሚጠጣ ጭራቅ የለበትም። ቫምፓየሮቹ ሌቦች ናቸው፣ ፓሪስን ያስጨነቁ የተደራጁ ሌቦች። 10 ክፍል፣ ሲደማመር 7 ሰዓት ገደማ። ብዙ ወንዶች ዘምተዋል። ጎዳናው ጭር ብሏል። ያ ጭርታ በፊልሙ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ለማስጌጥ የተደረገ ሳይሆን የእውነት ሰው ስለሌለ ነው።

ሙዚዶራ የምትገባው በሦስተኛው ክፍል ነው። ሌቦቹን የሚከታተለው ጋዜጠኛ ፊሊፕ ጌራንድ አንድ መሸታ ቤት ደጃፍ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ የዘፋኟ ፖስተር አለ፤ ስሟ “ኢርማ ቬፕ” ይላል። ጋዜጠኛው ትኩር ብሎ ሲያይ ፊደሎቹ ካሉበት ይነሳሉ። አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ይሄድና “ቫምፒር” (ቫምፓየር በፈረንሳይኛ) የሚል ቃል ይሆናል። በ1915! ዛሬ በስልካችን በሰከንድ የምንሠራው ነገር ነው፤ ያኔ ግን ሰው አፉን ከፍቶ ነበር የሚያየው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከፖስተሩ ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያው ክፍል ያቺ ዘፋኝ የቤት ሠራተኛ መስላ ጋዜጠኛው ቤት ትቀጠራለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ የባንክ ሠራተኛ ትሆናለች። አንድ ጊዜ ወንድ ሆና የመኳንንት ልጅ ነኝ ብላ ሆቴል ትገባለች። ሜካፕ ተቀባብታ አትለወጥም፤ ፊቷ ያው ፊቷ ነው። ትልልቅ ዓይኖቿ ኩል ተኩለው ጠቁረዋል። የሚለወጠው አቋቋሟ ነው። ሠራተኛ ስትሆን ትከሻዋ ወረድ ይላል፣ እጇ ሥራ ይፈልጋል። ዘፋኝ ስትሆን ወገቧን ይዛ ዝም ብላ ትቆማለች፣ ሰው ወደ እሷ እንዲመጣ።

ይህ ቀላል አይደለም። የዚያን ዘመን ታላቋ ተዋናይት ሳራ በርናር በ1912 ንግሥት ኤልሳቤጥን ስትጫወት እዩአት። እጇን ትዘረጋለች፣ ደረቷን ትይዛለች፣ ስትሞትም የትራስ ክምር ላይ ትዘረራለች። ሳራን ማንቋሸሼ አይደለም፤ መድረክ ላይ ላለ ሰው ጮክ ማለት ግድ ነው። ሙዚዶራ ግን ካሜራው ቅርብ መሆኑ ገብቷታል። ትንሽ ማድረግ ብዙ እንደሚናገር ገብቷታል። እሷም መድረክ ላይ ያደገች ተዋናይት ሆና ይህንን በዚያን ጊዜ መረዳቷ ለእኔ ከልብሱ ይበልጣል።

ልብሱም አለ፣ አልክድም። ከእግር እስከ ራስ ጥቁር ሐር። በጣራ ላይ ትሮጣለች፣ በመስኮት ትገባለች፣ ጌጥ ትሰርቃለች። የፓሪስ ፖሊስ ፊልሙ ወንጀልን ያስወድዳል ብሎ ለጊዜው አገደው። እሷ ራሷ ሄዳ ባለሥልጣኑን አግባብታ እገዳውን አስነሳች ይባላል። እውነትም ሆነ ተረት፣ ያስኬዳል። ፌያድ ግን ትምህርት ወሰደ። በ1917 ባወጣው “ዡዴክስ” ጀግናው ሌባ ሳይሆን ግፍን የሚበቀል ሰው ሆነ። ሙዚዶራ አሁንም ክፉዋ ሴት ነች። ባለ ባንኩ ቤት ሞግዚት መስላ ገብታ ታስለቅሳቸዋለች።

ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያቆማል። ከዚያ አንድ አንቀጽ “ቀጥሎም ጥቂት ፊልሞች አዘጋጅታለች” ብሎ ወደ ሞቷ ይዘልላል። ያ “ጥቂት ፊልሞች” የሚለው ሐረግ ነው የሚያበሽቀኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሙዚዶራ ከደራሲዋ ኮሌት ጋር የቅርብ ወዳጅ ነበረች። የኮሌትን ልቦለድ ይዛ ሮም ሄደች፤ “ዘዋሪዋ” ተሠራ። በ1918 ኮሌት ለፊልም ብላ የጻፈችውን ታሪክ ሠራች፤ እሱ ጠፍቷል፣ አንድ ቅጂ እንኳ አልተረፈም። ከዚያ በራሷ ስም የፊልም ኩባንያ አቋቋመች። በተዋናይነት የገነነች የሠላሳ ዓመት ሴት፣ ጎሞን ውስጥ ብትቆይ ያንኑ ጥቁር ልብስ ለብሳ ለዓመታት ደመወዝ መብላት ትችል ነበር። እሷ ግን ገንዘቧን ይዛ ወደ ስፔን ሄደች።

መጀመሪያ “ለዶን ካርሎስ” መጣ። ጊዜው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የስፔን የዙፋን ጦርነት ነው፤ ፊልሙ የተቀረጸው በባስክ አገር ነው። ፈረስ፣ ወታደር፣ ተራራ። ለአንድ አነስተኛ ኩባንያ ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ ነበር፤ ኪሷን አራቆታት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው በቃኝ ይል ነበር። እሷ በ1922 “ፀሐይና ጥላ” ብላ ቀጠለች።

ይህን ፊልም ማየት ለቻለ ሰው የምለው አለኝ። ታሪኩ ቀላል ነው። ሁዋና የምትባል ስፔናዊት አንድ የኮርማ ተፋላሚ ትወዳለች። ፀጉረ ወርቃማ የውጭ ሴት መጥታ ትነጥቃታለች። ነገሩ በደም ያልቃል። ሁለቱንም ሴቶች የምትጫወተው ሙዚዶራ ናት። ተፋላሚው ደግሞ ተዋናይ ሳይሆን አንቶኒዮ ካኜሮ የተባለ የእውነት ፈረሰኛ ተፋላሚ ነው። የተሠራ ከተማ የለም፤ ነጭ ግድግዳው፣ ጠባብ መንገዱ፣ የሚያቃጥለው ፀሐይ ሁሉ የቦታው ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ በፀጉረ ወርቃማዋ ሴት የምትቀልድበት መንገድ ነው። ወንድ አጥፊዋ ውብ ባዕድ! ፓሪስ እሷን ያሰለፈችበት ሚና ይህ አይደለም? እሱን ወስዳ ለአንዷ ገጸ ባሕርይ ሰጠችና ራሷ በሁዋና ዓይን አየችው። ካሜራው ልቡ ከሁዋና ጋር ነው።

በ1924 ደግሞ “የኮርማዎች ምድር”ን ሠራች። ግማሹ የኮርማ እርባታ ኑሮን የሚያሳይ ዘጋቢ፣ ግማሹ ጨዋታ ነው። ዛሬ ቢሆን “ቅይጥ ዘውግ” ተብሎ ፌስቲቫል ላይ ይጨበጨብለታል።

አንዳንድ ተቺዎች “የእሷ ፊልሞች የፌያድን አያክሉም” ይላሉ። ይሁንላቸው። ፌያድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊልሞችን የሠራው የጎሞን ስቱዲዮ፣ ባለሙያና ገንዘብ ከኋላው ቆሞ ነው። እሷ የሠራችው በራሷ ኪስ ነው። ለሁለቱ አንድ ሚዛን መጠቀም ፍርደ ገምድልነት ነው። ደግሞስ ማን ሙሉውን አይቶ ነው የሚፈርደው? የድምፅ አልባው ዘመን ፊልም ብር የተባለው ማዕድን አለበት። ጊዜው ሲያልፍ ብሩን ለማውጣት ብዙው ቀለጠ። ገሚሱ ተቃጠለ፣ ገሚሱ በሰበሰ። ትልቅ ኩባንያ መጋዘን አለው። ለከሰረች አንዲት ሴት ግን ማን መጋዘን ይሰጣል?

ሕልምንና እውነትን የሚቀላቅሉት የፓሪስ ጸሐፊዎች፣ ሱሪያሊስቶቹም፣ አልረዷትም፤ ቢያከብሯትም። አንድሬ ብረቶንና ሉዊ አራጎን ወጣት ሳሉ “ቫምፓየሮቹ”ን ያዩት በፍቅር ወድቀው ነው። በ1928 ለእሷ ብለው ቲያትር ጻፉ፤ የገጸ ባሕርያቱን ስም ከእሷ ስም ፊደሎች ገጣጥመው አወጡት። ቆንጆ ስጦታ ነው። ግን የጻፉት ለማን ነው? ለኢርማ ቬፕ ነው። ከስፔን ተመልሳ ለመጣችው ዳይሬክተር አይደለም።

በ1927 ሐኪም አገባች፣ ልጅ ወለደች፣ ከፊልም ራቀች። ከዚያ በ1940ዎቹ ሲኔማቴክ ፍራንሴዝ ትገኛለች። አንሪ ላንግሏና ጓደኞቹ በ1936 የመሠረቱት የፊልም ማኅደር ነው። አንዳንዴ ትኬት መቁረጫው ላይ ትቀመጥ ነበር ይባላል። ፊልም ለማየት የተሰለፈው ወጣት ትኬት የምትሰጠው ሴትዮ ማን እንደሆነች አያውቅም። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ከንፈር እየመጠጠ ነው የሚያወራው። “ምስኪን! የት ወድቃ የት ደረሰች!”

እኔ አልመጥም። ምክንያቱም ትኬት ብቻ አልነበረም የምትቆርጠው። በማኅደሩ የታሪክ ምርምር ኮሚሽን ውስጥ ትሠራ ነበር። የድምፅ አልባው ዘመን ሰዎች እያረጁ፣ አንድ በአንድ እየሞቱ ነበር። ተዋናዩን፣ ካሜራማኑን፣ ዳይሬክተሩን ጠርቶ “ያን ጊዜ እንዴት ነበር የምትሠሩት?” ብሎ መጠየቅና መመዝገብ ያስፈልግ ነበር። የዚያ ሥራ ሰው እሷ ነበረች። በሙያው ውስጥ ያለፈ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄና ከመጽሐፍ ያነበበ ሰው የሚጠይቀው አንድ አይደለም። በ1950 አካባቢ ደግሞ ከድሮ ምስሎች የተቀነባበረ “አስማተኛው ምስል” የተባለ ፊልም ሠራች፤ ለፌያድ መታሰቢያ። በ1957 እስክትሞት እዚያው ነበረች። ዛሬ ስለ ጥንቱ የፈረንሳይ ሲኒማ የሚጽፍ ምሁር ባያውቀውም ከእሷና ከባልደረቦቿ እጅ ይበላል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ የሴቶች ፊልም ፌስቲቫል ያዘጋጁ ሴቶች ማኅበራቸውን “ሙዚዶራ” ብለው ሰየሙት። እነሱ ገብቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ የስፔን ፊልሞቿ ታድሰው በፌስቲቫሎች እየታዩ ነው። ነገር ግን ዘወትር ጥግ ላይ ናቸው፤ “ለፍላጎት ላለው” እንደሚባለው። ዋናው አዳራሽ የሚሰጠው ለጥቁሩ ልብስ ነው። የፊልም ቤቶችና ፌስቲቫሎች ሁለቱን በአንድ ምሽት ማሳየት አያቅታቸውም። ሰዓቱም ይበቃል።

ለመጀመር የሚፈልግ ካለ “ቫምፓየሮቹ”ን ከሦስተኛው ክፍል ይያዝ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በኋላ ቢመለስባቸው ምንም አይጎድልበትም። 7ቱን ሰዓት በአንድ ቁጭታ ለመጨረስ አይሞክር፤ ያኔም ሰው እየጠበቀ፣ ክፍል በክፍል ነው ያየው። “ፀሐይና ጥላ” ግን አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ከእራት በኋላ ያልቃል።