እርማት፦ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተርም ይጠቃል

ሰላም ጎረቤቶች። ስለዚያ የዘረፋ ቡድንና የሳይበር ስለላ ልብ ወለድ ስትጨዋወቱ አንድ አባባል እየተደጋገመ ነው። ባጭሩ፣ «ደራሲው አጋንኗል፤ ከኢንተርኔት ያልተገናኘ ኮምፒውተር አይጠለፍም» የሚል ነው። መጽሐፉ ማጋነኑን አልክድም። የባንክ የይለፍ ቃል በደቂቃ የሚሰብረውን ልጅማ ተዉት! እዚህ ላይ ግን ደራሲው ልክ ነው።

በፈረንጆቹ 2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለ ቫይረስ ኢራን፣ ናታንዝ ያለውን የኒውክሌር ጣቢያ አጥቅቷል። የጣቢያው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት የተነጠሉ ነበሩ። ቫይረሱ ግን በፍላሽ መዛመት ይችል ነበር። የዩራኒየም ማበልጸጊያ ማሽኖቹን ፍጥነት እያዛባ፣ ለተቆጣጣሪዎቹ ሁሉም ሰላም እንደሆነ ያሳይ ነበር።

ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሹን ሰክቶ ፎልደሮቹ ሾርትከት ሆነው የጠበቁት ሰው ነገሩ አይገርመውም። ይህም የቫይረስ ሥራ ነው፤ በፍላሽ ለመዛመት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ለማረጋገጥ ዊንዶውሱን የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርጉት። ዋናው ፎልደር ተደብቆ፣ በስሙ ቀስት ያለበት ትንሽ ፋይል ከተቀመጠ ፍላሹ ተበክሏል ማለት ነው። ያንን ፋይል አትክፈቱት።

ይህን የማነሳው «ኔት የለውም እኮ» እየተባለ የሱቅ ኮምፒውተር አንቲቫይረሱ ሳይታደስ እንዳይከርም ነው። ማደሻውን ኔት ካለው ሌላ ማሽን አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ መጫን ይቻላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደርም በዚህ መንገድ ይታደሳል።