ውሻዎ አልታዘዝ ብሎ ነው ወይስ አልሰማም?

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ድመት ተኝታለች። ባጃጅ መጥቶ ክላክሱን ያጮኻል። ንቅንቅ አትልም። ሹፌሩ ዞሮ እያለፈ «አቤት ድፍረት!» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ዓይኗን ነው። ሁለቱም ሰማያዊ ከሆኑ፣ ነገሩ ድፍረት ሳይሆን አለመስማት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ዳርዊን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1859 ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ድመቶች ደንቆሮ እንደሆኑ ጽፏል። ሁሉም አይደሉም። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሰማያዊ ከሆኑ ነጭ ድመቶች ግን ከ65 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት አይሰሙም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጡት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ውስጠኛው ጆሮ ውስጥም ሥራ አላቸው። እዚያ ያለው ፈሳሽ ፖታሲየሙ እንዳይጓደል ያደርጋሉ። በዘር ምክንያት እነዚህ ሴሎች ከሌሉ፣ ድምፅ የሚቀበሉት ሴሎች በተወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም። ሲያም የሚባለው ዝርያ ድመት ዓይኗ ሰማያዊ ሆኖ የምትሰማው ለዚህ ነው፤ ሴሎቹ አሏት፣ ቀለም በደንብ መሥራት ነው ያቃታቸው።

ውሻም ላይ ያው ነው። ነጭ የሚበዛባቸው ዝርያዎች፣ በተለይ ነጠብጣቡ ዳልማሽያን፣ ይህ ችግር በብዛት ይታይባቸዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ዱላው ነው። ቡችላው ሲጠራ ካልመጣ «እልኸኛ» ተብሎ ይገረፋል። እስቲ ከመምታታችሁ በፊት ሞክሩት። ሲተኛ ከኋላው ሆናችሁ ቁልፍ አንሿሹ። ወለሉን አትምቱ፣ ንዝረቱ ይቀሰቅሰዋል። ነፋስም አይንካው። ደጋግማችሁ ሞክራችሁ ጆሮውን ካላቆመ፣ አይሰማም ማለት ነው። አንድ ጆሮው ብቻ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ አይታወቅም፤ የአንጎልን ምላሽ የሚለካ መሣሪያ ይፈልጋል።

የማይሰማ ውሻ በእጅ ምልክት ጥሩ አድርጎ ይማራል። ስታስነሱት ዓይኑ ሳያያችሁ አትንኩት፤ ደንግጦ ሊነክስ ይችላል። ባጃጅ የሚርመሰመስበት መንገድ ላይ አትልቀቁት። ሐረር ላይ ደግሞ ጅብ እየዞረ ውጭ ማሳደር ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

የማይሰማውን አታዳቅሉት። የምትሸጡም፣ ዓይኑን ከማሞገሳችሁ በፊት ጆሮውን ፈትሹ። ካልሰማ፣ ዋጋው ቢወርድም ለገዢው ንገሩት።