ጭሱን ትቶ ለኪውን መቅጣት

የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣችው ሕግ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የነዋሪዎች ማኅበር በርካሽ ሴንሰር አየሩን ለክቶ «ፋብሪካው ሕግ ጥሷል» ካለ በቀን እስከ 32,500 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። የሚድነው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባጸደቀው ውድ ዘዴ ከለካ ብቻ ነው። የሕጉ ደጋፊዎች ደግሞ «ርካሽ መለኪያ ሕዝብ ያሸብራል» ይሉናል።

የሚያሸብረው ቁጥሩ ነው ወይስ ጭሱ? ከባተን ሩዥ እስከ ኒው ኦርሊንስ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ሰፈሩን «የካንሰር ጎዳና» ሲል እነዚህ ሴንሰሮች ገና ገበያ ላይ አልነበሩም። ስሙን ያወጣው ጎረቤቱን እየቀበረ ነው።

ሴንሰሩ ይሳሳታል? አዎ። የብናኝ መለኪያው አየሩ ሲረጥብ አጋኖ ያነባል። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው፦ ከመንግሥት ዋናው መለኪያ ጎን አቁሞ ንባቡን ማስተካከል። ያው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የሰደድ እሳት ጭስ በሚያሳየው ካርታው ላይ ሰዎች በየቤታቸው የሰቀሏቸውን ርካሽ ሴንሰሮች ንባብ እያስተካከለ ከ2020 ጀምሮ ይጠቀማል። ለእሳት ጭስ የታመነው ለፋብሪካ ጭስ ሲሆን ለምን ያስቀጣል?

ዋናው የመንግሥት የአየር መለኪያ ጣቢያ ትክክል ነው እሺ፣ ግን የሚያውቀው የቆመባትን ቦታ ብቻ ነው። ፋብሪካው ሌሊት ጋዝ ሲለቅ ነፋሱ ወደ ጣቢያው ካልነፈሰ ጣቢያው ምንም አያይም። ቢነፍስም ብዙ ጊዜ የሚነገረን የሰዓት አማካይ ነው። አሥር ደቂቃ የቆየ ከባድ ልቀት ለስልሳ ደቂቃ ሲካፈል ቀላል መስሎ ያርፋል። የአንዳንዶቹ መርዛማ ኬሚካሎች ነገርማ ይብሳል። ናሙናው በአብዛኛው በየ6 ቀኑ አንዴ ይወሰድና ላቦራቶሪ ይገባል፤ ውጤቱ ሲመጣ ሰዉ ጋዙን ስቦ ጨርሷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው! እናት መስኮቷን የምትዘጋው ዛሬ፣ አሁን ነው። በእጅ የሚያዘው ሴንሰር በየደቂቃው ያነባል፤ ሰው ይዞት ይዞራል። በፋብሪካው አጥር ሥር ሲያልፉ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ጥግ ሲዞሩ ይወርዳል። መጠኑን ቢስት እንኳ ጭሱ ከየት እንደመጣ ይጠቁማል። ሕግ አውጪዎቹን ያስፈራቸው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ንባቡን ካላመናችሁት ውዱን መሣሪያችሁን አምጡና እዚያው አጥር ሥር ትከሉት። ነዋሪው ተሳስቶ ከሆነ በቁጥር አሳዩት። ቅጣቱን ግን ዛሬውኑ አንሱ።