ፊት ወንበር መነጽር አይደለም

ሀዋሳ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ልጅ ነበረኝ። ከሰሌዳ ሲገለብጥ «ቡ»ን «በ» እያደረገ ይጽፋል። የእኛ ፊደል ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ አይራራም፤ በ፣ ቡ፣ ቢ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። ሒሳብም ላይ ያው ነው። እኔ 38 ሲደመር 5 እጽፋለሁ፣ እሱ ደብተር ላይ 33 ሲደመር 5 ሆኖ አገኘዋለሁ። መልስ፦ 38። ለጻፈው ጥያቄ ልክ ነው እኮ! እኔ ግን በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደርግበት ነበር። ከጎኑ ካለችው ልጅ ሲገለብጥ ሳየው ደግሞ «ኮራጅ» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ።

እናቱን አስጠርቼ «ልጅዎ ትኩረት የለውም» አልኳቸው። «ኧረ ቲቸር፣ ቤት እኮ ጎበዝ ነው። ደብተሩን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ነው የሚያነበው» አሉኝ። ለማሞገስ ነበር ያሉት። እኔም እንደ ሙገሳ ሰምቼ አለፍኩት።

የነቃሁት አሞራ ገደል ነው። ክፍሉን ይዘን ሐይቅ ዳር ወጥተን፣ ልጆቹ ዛፍ ላይ የሰፈሩትን አባ ኮዳዎች ይቆጥራሉ። እሱ እጄን ጎትቶ «ቲቸር፣ የታሉ?» አለኝ። አባ ኮዳ እኮ ሲቆም የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚያክል ወፍ ነው።

በማግስቱ ፊት አስቀመጥኩት። ተገላገልኩ አልኩ።

ስለ ዓይን ምንም የማላውቅ አስተማሪ አልነበርኩም። ዓይኑ የቀላ ወይም ዓይናር የያዘው ልጅ ከመጣ ወዲያው አያለሁ። ኢትዮጵያ ትራኮማ በዓለም ከሁሉ በላይ የከበደባት አገር ናት፤ ፊት መታጠብን ስንሰማም ስናስተምርም ኖረናል። የምናውቀው ግን የሚታየውን በሽታ ነው። ሩቅ ማየት የተሳነው ልጅ ዓይን ንጹሕ ነው፣ ያምራል። ምልክቱ ጠባዩ ላይ ነው፦ ያጨነቁራል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ ራሴን አመመኝ ይላል፣ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ማውራት ይጀምራል። ስለ ዓይኑ አያማርርም። ዓለም ለሁሉም ሰው እንዲህ ብዥ ያለች ይመስለዋል።

ስልሳ ምናምን ልጅ በታጨቀበት ክፍል ፊት ወንበር መስጠት ደግነት ነው። እኔ ግን አሁን ከፊት ወንበር ጋር ጸብ አለኝ። ልጁ ማየት ሲጀምር ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ለወላጅ አንናገርም። በዓመቱ ሌላ አስተማሪ በቁመት ሲደለድላቸው ተመልሶ ኋላ ነው። የባሰው ደግሞ አንድ ዓይኑ ብቻ የደከመ ልጅ ነው። በደህናው ስለሚያይ የትም ቢቀመጥ ማንም አያውቅበትም። አንጎሉ ብዥ ያለውን ዓይን ቀስ በቀስ መጠቀም ይተዋል። ይህ ቶሎ ካልታከመ፣ በተለይ 7 እና 8 ዓመት ካለፈ፣ ማዳኑ እየከበደ ይሄዳል። እኛ አገር አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። መስከረም ላይ ዓይን ለመፈተሽ ርቀት መለኪያ የ6 ሜትር ገመድ፣ የእንግሊዝኛው «ኢ» ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን የዞረበት ሰንጠረዥ። ማንበብ የማይችል ልጅም የዞረበትን አቅጣጫ በእጁ ያሳያል። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ፣ ከዚያ ሌላውን። በጣቶቻቸው መሃል እንዳያጮልቁ ጠብቁ፤ ያጮልቃሉ! አስተማሪው ሐኪም አይሆንም። ያላየውን ልጅ ስም ይጽፋል፣ ለወላጅ ይነግራል፣ በቃ።

«ይህም ተጨመረብን?» የሚሉ ባልደረቦቼ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ደሞዙን ደግሞ አታንሱብኝ። ግን እኔ ስሠለጥን ስለ ልጅ ዓይን አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልተማርኩም። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት እሱ ነው።

ወላጆችም «መነጽር ዓይን ያደክማል» ይላሉ። አያደክምም። ልጆቹ ደግሞ «አራት ዓይና» እያሉ ያሾፋሉ። ድሮ አራት ዓይና የሚባለው የሊቃውንት ሊቅ እንደነበር ነገርኳቸው። ለሁለት ቀን ሠራ።

ያን ተማሪዬን ሐኪም ያየው ፊት ካስቀመጥኩት ከስንት ወር በኋላ ነው። ሪፈራል ሆስፒታል ሄዶ መነጽር አደረገ። በሳምንቱ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ «ቲቸር፣ አሁን ወደ ኋላ ልመለስ?» አለኝ። ጓደኛው እዚያ ነው የሚቀመጠው።