የቀዩን መድኃኒት ልክ ማን ይቆጥራል?

አክስቴ የጡት ካንሰር ሕክምና በጀመረች ማታ ደወለችልኝ። «ሽንቴ ደም ሆኗል፤ ከእንግዲህ እዚያ ሆስፒታል አልመለስም» አለች። ደም አልነበረም። ቀን በደም ሥሯ የገባው ዶክሶሩቢሲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ራሱ ቀይ ስለሆነ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንትን ያቀላል። ይህን ቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ያን ሌሊት ስታለቅስ አታድርም ነበር።

የሽንቱ ቀለም እንኳ ካልተነገረ መድኃኒቱ ልብን ሊጎዳ እንደሚችል ማን ይነግራል?

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ 2 ሜትር ያህል ዲኤንኤ፣ የዘር መረጃ የያዘው ክር፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ክር ከልኩ በላይ ከከረረ ይጠማዘዛል፣ ይቋጠራል። ዲኤንኤም ሲባዛ እንዲሁ ይሆናል። ያኔ ቶፖአይሶሜሬዝ 2 የሚባል ኢንዛይም ይደርስለታል። ክሩን ይቆርጣል፣ የተጠላለፈውን በመሃል ያሳልፋል፣ መልሶ ይቀጥላል። ዶክሶሩቢሲን ከተፍ የሚለው ኢንዛይሙ ቆርጦ ገና ሳይቀጥል ነው። ኢንዛይሙን እዚያው ቀፍድዶ ይይዘዋል። የተቆረጠው እንደተቆረጠ ይቀርና ሕዋሱ ይሞታል።

የካንሰር ሕዋስ ቶሎ ቶሎ ስለሚባዛ መድኃኒቱ ቀድሞ እሱን ይመታዋል። ግን የፀጉር ሥር፣ የአፍ ውስጥ ሽፋንና መቅኒም ይባዛሉ። ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ ነጭ የደም ሕዋስ የሚወርደው ለዚህ ነው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳሉ።

የልብ ጡንቻ ግን አይባዛም ማለት ይቻላል። ታዲያ እሱ ምን አግብቶት ይጎዳል? ኢንዛይሙ ወንድም አለው። አልፋ የሚባለው በሚባዙ ሕዋሳት ይበዛል፤ ቤታ የሚባለው ልብ ውስጥም አለ። መድኃኒቱ ሁለቱን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2012 በቴክሳሱ ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች ቤታውን ከአይጦች የልብ ሕዋሳት ሲያጠፉት ልባቸው ከመድኃኒቱ ጉዳት ተረፈ።

የልቡ ጉዳት ይጠራቀማል። የመድኃኒቱ መጠን የሚለካው በሰውነት የላይ ገጽ ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ትንተና እንዳሳየው፣ በየዙሩ የተሰጠው ድምር በካሬ ሜትር 400 ሚሊግራም ሲደርስ ከ100 ታካሚ 5 ያህሉን የልብ ድካም ይይዛቸዋል። 550 ሲደርስ 26 ያህሉን። ለጡት ካንሰር በተለመደው አሰጣጥ በዙር 60 ነው፤ በ4 ዙር 240። ከአደጋው ድንበር ራቅ ያለ ነው። ስለዚህ ማንም ፈርቶ ሕክምናውን እንዳያቋርጥ፤ ሕይወት የሚያተርፍ መድኃኒት ነው።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ ቢመለስ ቆጠራው ከ240 ነው የሚቀጥለው እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። ያኔ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሐኪም ሊሆን ይችላል። «ካርድሽ ጠፍቷል» መባል ደግሞ ለማናችንም አዲስ አይደለም።

ሕክምናው ሳይጀመር ልብ በአልትራሳውንድ ቢታይ ደስ ባለኝ። ብር ይጠይቃል፣ ወረፋ አለው፤ እሱን እረዳለሁ። መድኃኒቱ፣ ቀኑና ድምሩ የተጻፈበት አንዲት ወረቀት ግን ምን ያህል ታወጣለች? የልጇን የክትባት ካርድ ለዓመታት ሳትጥል የምታኖር እናት የራሷን ወረቀት ትጥላለች ብዬ አላምንም።

አክስቴ 4ቱን ዙር ጨርሳለች። መጠኑን ሐኪሟን ጠይቄ በደብተር ቅጠል ላይ ጻፍኩላት። ከመታወቂያዋ ጋር አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች።