ቸርኬውን አውቀዋለሁ፣ በሩን አላወቅሁትም

ጀርመን ከመጣሁ ወዲህ መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር። የአገር ቤቱ መንጃ ፈቃድ እዚህ እንዲሁ ስለማይቀየር የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና እንደ አዲስ ተፈትኜ አውጥቻለሁ። ግን ባቡሩ ደጄ ድረስ እየመጣ መኪና ምን ያደርግልኛል? ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ለእረፍት ሰሜን ጣሊያን ስንሄድ ነው መጀመሪያ የተከራየሁት።

አገር ቤት መኪና ልከራይ ስትል አብዛኛውን ጊዜ ሹፌሩም አብሮ ይመጣል። ባለንብረቱ ለማያውቀው ሰው ቁልፉን እንዲሁ አያስረክብም። ጣሊያን ግን ስሜን እንኳ መጥራት ያቃተው ልጅ አዲስ መኪና ሰጠኝ። እንዴት አመነኝ ብዬ ተገረምኩ። በኋላ ካርዴ ላይ 800 ዩሮ መያዣ ማገዱን ሳይ ገባኝ። ለካ ዋሴ ካርዴ ነው።

ልጁ ወረቀት ይዞ መኪናዋን እየዞረ ጭረት መመዝገብ ጀመረ። እንግሊዝኛው ብዙም አይደለም። “ኮፋኖ” አለ። ኮፈን! “ፓራፋንጎ” አለ። ይሄማ ያው ነው። “ስፔኪዮ” አለ። ስፖኪዮ! እኔ ከእሱ ቀድሜ መጥራት ሁሉ አማረኝ። ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ ነካና “ቸርኪዮ” ሲል፣ “አዎ፣ ቸርኬው ተጭሯል፣ ጻፈው” አልኩት በአማርኛ። ጻፈው። ባለቤቴ በሳቅ ሞተች። ጣሊያን 5 ዓመት ወርሮን ተባርሮ ሲሄድ የመኪናውን ዕቃ ስም ጥሎልን ሄዷል። ጋራዥ ውስጥ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ሮምን ሳይረግጥ ግማሽ ጣሊያንኛ ይችላል።

ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሽ ሳስገባ እግሬ ምንም አልረሳም። አውራ ጎዳናውም አላስቸገረኝም። እንደ አዲስ አበባ–አዳማው መንገድ ስትገባ ካርድ ትወስዳለህ፣ ስትወጣ በርቀቱ ትከፍላለህ። ያስቸገረኝ እጄ ነው፤ ወደ ክላክስ ይሄድብኛል። እኛ ጋ ክላክስ ሰላምታም ነው፣ ምስጋናም ነው፣ “መጣሁ፣ እንዳትገባ” ማለትም ነው። ጀርመን አንድ ጊዜ ክላክስ ብታደርግ ሰው ሁሉ ዞሮ ያይሃል። ጣሊያኖቹ በዚህ ወደ እኛ ይቀርባሉ። ደስ አለኝ።

እንዲህ ደስ ብሎኝ እየነዳሁ ነው አንዲት ጥንታዊ ከተማ የደረስነው። መግቢያው ላይ ዙሪያው ቀይ የሆነ ክብ ነጭ ምልክት ቆሟል። ከሱ ጋር “ቫርኮ አቲቮ” የሚል ጽሑፍ ይበራል። ቫርኮ በር ነው አለችኝ ባለቤቴ ከስልኳ። አቲቮ ደግሞ አክቲቭ። በሩ ክፍት ነው ማለት ነዋ! ገባሁ። ማቆሚያ ፍለጋ ዞርን ዞርንና በዚያው በር ድጋሚ ገባን። ያስቆመን የለም፣ የገላመጠንም የለም።

ለካ “አቲቮ” ማለት ካሜራው እየሠራ ነው፣ ፈቃድ ከሌለህ እንዳትገባ ማለት ነው። የአሮጌው ከተማ ክፍል ለነዋሪና ፈቃድ ላለው ብቻ ነው። ሆቴሎች ብዙ ጊዜ የእንግዳ ታርጋ ያስመዘግባሉ፤ የኛም ያስመዘግብልን ነበር። ማን ጠየቀ?

አገር ቤት ቢሆን ትራፊኩ ፊሽካውን ነፍቶ ከፊቴ ይቆማል። “ወዴት ነው?” “ጌታዬ፣ እንግዳ ነኝ፣ ምልክቱን አላየሁትም።” “አታይም እንዴ?” ተቆጥቶ ይለቀኛል ወይም ይቀጣኛል። ብቻ ምን እንዳጠፋሁ እዚያው አውቄ እሄዳለሁ፤ በሁለተኛው ዙር ደግሞ አልገባም ነበር።

እዚህ ከሳምንታት በኋላ መጀመሪያ የመጣው ቅጣቱ አይደለም። አከራዩ ድርጅት ከካርዴ 45 ዩሮ ቆረጠ። ለምን? አድራሻዬን ለፖሊስ ስለሰጠ። ለዚያውም ሁለቴ፣ በእያንዳንዱ መግቢያ። ቅጣቱ እንዲያውም ይረሳል ብዬ ነበር። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ቅጣቱን ለመላክ ሕጉ ለፖሊስ እስከ 360 ቀን ጊዜ እንደሚሰጥ ማን ነግሮኝ። ክረምቱ አልቆ፣ ጣሊያንንም ረስተን፣ አንድ ቀን ሁለት ፖስታ ባንድ ላይ መጣ። ሰዓቱና ደቂቃው ሳይቀር ተጽፏል። በሁለቱ መካከል 19 ደቂቃ።

ከአገር ቤት የለመድኩት ልመና ምላሴ ላይ ነበር። ግን ለማን? የምደውልለት ሰው የለም፣ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። በ5 ቀን ውስጥ ከፈልኩና ከቅጣቱ 30 በመቶ ተቀነሰልኝ። ማንንም ሳልለምን።